የኦድቫር ደብተር

በበርገን ከተማ፣ ዝናብ በማይታክታት፣
ከወደቡ ጀርባ፣ ካንድ ጠባብ ምድር ቤት፣
ሥራዬ ማሻገር፣ ሟች የጻፈውን ቁጥር፣
ከሻገተ ደብተር ወደ ኮምፒውተር።

ኦድቫር ይባላል፤ የባሕር መብራት ዘብ፤
ጧት ጧት በባልዲ ባሕር እየቀዳ፣
ቴርሞሜትር ነክሮ ሙቀት ሲከትብ፣
አርባ አንድ ዓመት።
ሚስቱ በሞተች ማግስት እንኳ፦
«ስድስት ነጥብ ሦስት። ነፋስ ከምዕራብ።»
ከዚያ በታች አንድ መስመር ባዶ፤
ልቅሶው ያ ይመስለኛል።

ትናንት ልጁ ሲግሪ ካፖርቷን አራግፋ፣
ገባች ዝገት የበላው ቆርቆሮ አቅፋ።
«ደብዳቤ ነው» አለች፤ «ከፔሩ፣ ከፓይታ፣
ከኢላሪዮ ነው፤ ሳይተያዩ ላንዳፍታ
ባሕር ይጻጻፉ ነበር።»

«የኔ ውሃ ሞቀ፤ ያንተስ እንዴት ከረመ?»
ይላል የመጀመሪያው፤ ቀለሙ የደከመ።
ፖስታው በሁለት ወር ካገር አገር ዘለቀ፤
የባሕሩ መልስ ግን
ሃያ ዓመት ጠየቀ።

ፓስፊክ ጀርባው ሲግል፣ ነፋስ ወሬ ያመጣል፤
አትላንቲክ ይሰማል። ይሰማና ዝም ይላል።
እንደ ቂም ያኖረዋል ካንጀቱ ጨለማ፤
ተናጋሪው ሲሞት፣ መልሱ ለልጅ ሊሰማ።

ባሕር እንደኛ ነው፤ በራሱ ዘመን ያድራል፤
ሰማንያ አራት ሲሉት
ሰባ ስድስት ይቆጥራል።

ያን ዓመት ፈለግሁት። ገጹ ተጣብቋል፤ በቢላ ለየሁት።
ነሐሴ። የኦድቫር እጅ፣ ቀጥ ያለ፦
«አሥራ አንድ ነጥብ አራት። ለወሩ ቀዝቃዛ።»

ያንኑ ነሐሴ፣ ከኮምቦልቻ በላይ፣
አባቴ ቆሞ ነበር፣ አንጋጦ ወደ ሰማይ።
ደመናው መጥቶ ነበር፤ አየና አለፈው።
«በኔ ኃጢአት ነው» አለ፤
እስኪሞት አልተወው።

ምክንያቱን አገኘሁ አልልም።
አንድ ክር ጋቢ አይሆንም፤
አንድ ባልዲ ውሃም ባሕርን አይከስም።
ግን ይህን ቁጥር ባየ፣ ይህን ቀጭን ጽሑፍ፣
ምናልባት ካንድ ሌሊት
እንቅልፍ ባልተነጠቀ፣ ባልቆመ ካልጋው ጫፍ።

«ምን ይላል?» አለች ሲግሪ።
«ቀዝቃዛ ነበር ይላል።»
«እሱማ ሁሌም ብርድ ነው የሚለው፤» ሳቀች፤
ዣንጥላዋን ረስታ ወጣች።

ይዤላት ሮጥኩ። መንገዱ ጎርፍ፣ እሷ የለችም።
ዣንጥላውን ሳልዘረጋ ቆምኩ፤
ፊቴን እየመታኝ
ይህ የየትኛው ዓመት ዝናብ ይሆን
ማን ለጻፈው ደብዳቤ?