የተገለበጠው ገበታ

የጥቅምት ንፋስ ከሐይቁ ተነስቶ
ማታ ክፍሌ ገባ መስኮቱን ከፍቶ፤
የፊደል ገበታው ከሚስማሩ ወርዶ
መሬት ላይ አደረ ከትቢያ ተዋዶ።
ጠዋት ጋሼ ፈንታው፣ ጥበቃው፣ አገኘው፤
በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ ሚስማሩን በድንጋይ
ቀጥቅጦ ሰቀለው።
«ቲቸር፣ ቦታው ገባ» አለኝ ፈገግ ብሎ፤
ቀና ብዬ ሳላይ ደወሉ ቸኩሎ…

አንደኛ «ቢ» ገባሁ። ስልሳ ሦስት ልጆች፣
ደረታቸው ላይ የታጠፉ እጆች።
«ሀ!» ስላቸው፣ «ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ!»
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ እሱም አብሮ ጮሆ፤
በሸምበቆ ዱላ ልጠቁም ብዞር
ገበታው ተዘቅዝቋል፤
«ሀ» ከታች ወለሉን ሊነካ ቀርቧል፣
የመጨረሻው «ፐ» ጣሪያ ስር ተቀምጧል።
እነሱ ያላንዳች ስህተት ይዘልቃሉ፤
ዐይናቸው ተከፍቶ በቃል ይጓዛሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት! ስንቱን አስዘመርኩ?
ስንቱንስ «ጎበዝ» ብዬ አስጨበጨብኩ?

ጦይባን ጠራኋት፣ የአጥማጁን ልጅ፣
ያሳ ቅርፊት አይጠፋም ከእሷ እጅ።
«ነ»ን አሳይኝ አልኳት።
ከ«ሀ» ተነሳች፣ በከንፈሯ ብቻ፤
«ለ»ን ዞራ፣ «መ»ን ዞራ፣ ትንፋሿ እያጠራት
«ነ» ላይ ስትደርስ የቷ እንደሆነች ጠፋት።
«አብሽሪ» አልኳት።
ለእሷ ይሁን ለራሴ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ገበታውን ትተን ጆሮ ከፈትን።
«አሳ» በሉ። «አ» ስንል አጨበጨብን፣
«ሳ» ስንል ደግሞ አጨበጨብን።
«ሁለት ነው!» ጮኹ።
«እሺ፣ ‹አ›ን ሐይቁ ቢውጣት፣ ማን ተረፈ?»
«ሳ!»
ብቻዋን ከፋት «ሳ»። «ር»ን ጋበዝንላት፦
ሳ… ር። ሳር! ከወንበሩ ስር የበቀለ መሰላት።
«ል» ሲጠጋማ የኋላው ወንበር ሳለ፤
«ቅ» ስትመጣ ክፍሉ በሳቅ ዋለ።

ሌላ ቀን ወረቀት፣ ከከንፈር ፊት ለፊት፦
«ከ» ሲሉት ይበራል፣ ትንፋሽ ሲመታበት፤
«ቀ» ሲሉት ቀጥ ይላል፣ ከጉሮሮ ጓዳ
ድምፁ ብቻ ይወጣል፣ ትንፋሹን ሳይነዳ።
ርዕሰ መምህሩ ብቅ አሉ፦ «ምንድን ነው ጭብጨባው?
ሀ ሁ የት ደረሰ?»
«መንገድ ላይ ነው፣ ጌታው።»
ጋሼ ፈንታው ግን ምንም አይጠይቅም፤
ከመስኮቱ ውጪ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል፣
ቀና ስል አንገቱን ወደ በሩ ያዞራል።

ገና ሊደርስ ሲል፣ ሰኞ ማለዳ
ጦይባ ገባች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ተቆጥታ፦
«ቲቸር! ባጃጁ ላይ ያለው ‹ሐይቅ› እና
ሱቁ ላይ ያለው ‹ሀይቅ› አንድ አይደሉም!
አንደኛው ይዋሻል፤ የቱ ነው ውሸታሙ?»
«ማንም አይዋሽ፣ ልጄ፤ ድምፁ አንድ ነው፣
ልብሱን ነው የቀየረው።»
«ታዲያ ድምፁ አንድ ከሆነ፣ ልብሱ ምን ያደርጋል?»
ጠመኔውን አሻሸሁ። መልስ የለኝም፤
በሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።

ገበታውስ? ያው ነበር፣ እንደተዘቀዘቀ፤
ላቃናው አልወደድኩም፣
ለእኔ ትምህርት ይሁን ብዬ።
ትናንት ግን፣ ገና ልጆቹ ሳይመጡ፣
ክፍሌን ስከፍት
«ሀ» ከላይ ነው።
አዲስ ሚስማር። ወለሉ ላይ አንድ ድንጋይ፣
የቀይ ሸክላ ብናኝ ሚስማሩ የተመታበት ላይ።
ማንም አላዘዘውም።

በመስኮት ብመለከት፣ ጋሼ ፈንታው በሩ ላይ፣
ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቀና ብሎ ወደ ላይ
የትምህርት ቤቱን ስም ያያል፤
በዱላው መሬቱን መታ፣ አንድ።
ቆየ።
መታ፣ ሁለት።