ባለ አራት ክፍል ቤት

ቡሬ ላይ እህል መዛኝ ነኝ፤ በቆሎ ነው እንጀራዬ፤
ኩንታል ቢጎድል ያውቃል፣ ከሚዛን ቀድሞ ትከሻዬ።
ልጄ ስትወለድ ግን፣ ያቺ ጭብጥ የምታህል፣
ነርሷ መዝና «ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ» ስትል፣
ቁጥሩን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፤ ገረመኝ፤
ከጆንያ የሚንጠባጠብ፣ ዶሮ የሚለቅመው፣ ይበልጣል መሰለኝ።

ስሟን እናቷ አወጣች፤ እናኑ፤ «አትጠገብ» አለቻት።
እኛ አይተን አልጠገብናት፤ እሷም አልጠገበች፣ መጥባቱ እየከበዳት።
ሦስት ጊዜ ስባ ታርፋለች፣ ዳገት እንደወጣ ሰው፤
ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ግንባሯን ላብ አጠመቀው።
ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። አማቴ «ብርድ ነው» አለች።
እሷ ምንም አላለች፤
ለማልቀስ እንኳ ትንፋሽ ትቆጥባለች።

ባሕር ዳር ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ፣
ልቧን አሳየን፣ እንደ መስኮት፣ ከቴሌቪዥን ላይ ከፍቶ፤
ቀይና ሰማያዊ ተጋፍቶ፣ የቅዳሜ ገበያ መስሎ፣
የሚገባው ከሚወጣው ጋር ባንድ በር ተቀላቅሎ።
ከዚያ ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ፣ በእስክሪብቶ ቤት ሠራ፤
«ልብ አራት ክፍል ነው» አለ፤ «ይኸው፣ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ።
ይህ የመሐል ግድግዳው ነው። እዚህ ላይ ሳይዘጋ ቀረ።»
እናኑ ወረቀቱን አየች።
የኔ አፍ ሲጨንቀው ዝም ማለት አያውቅም፣ ተናገረ፦
«እኛኮ ዶክተር፣ አራት ነፍስ፣ ባንድ ክፍል ነው የምንኖር፤
አራት ክፍል ያላት እሷ ናት፤ ብናከራየው ደኽይተን አንቀርም ነበር።»
ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

«የሚሰፋው አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋ አለ፤ ይደወላል» ተባልን። ስልኬን ካንገቴ አስሬ፣
በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ፤ ነጋዴ ነው፦ «በቆሎ ስንት ገባ ዛሬ?»

ግማሽ ክኒን በውኃ በጥብጠን፣ መርፌ በሌለው መርፌ፣
ጠብ ጠብ እናደርግላታለን፤
እሷ እንድትከፍት ይከፈታል፣ ሳላዘው፣ የኔም አፌ።
ሌሊት ተራ ገብተን እናድራለን። ትንፋሿን ስቆጥር፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ ሁለት፤
ለካ እስከ ዛሬ ቆጥሬ አላውቅም፤ ይህ ነው መቁጠር ማለት።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛ ቤት ጆሮ ሙላት ነው፣ ገና አምስት ዓመቱ፤
አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ ጭቃ እስከ ክርኑ፣ ጭድ ከፊቱ፤
ከእህቱ መኝታ አጠገብ፣ ንፋስ የምታስገባዋን ቀዳዳ
ደፍኖ፣ በመዳፉ አለስልሶ፣
«ይኸው፣ ዘጋሁት» አለኝ፣ «ዶክተሩ ያለውን ግድግዳ።»
ልቆጣው ነበር ስለ ልብሱ። አቃተኝ፤ ዝም አልሁ።
ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ፣ እጁን ይዤ፣ አጠገቡ ቆምሁ።

በሰማንያ ቀኗ፣ ከክርስትና መልስ፣ ነጭ እንደለበሰች፣
ወደ እህል ቤቱ ወሰድኋት። ለኩንታል ሚዛን ብቻዋን ቀለለች።
ታቅፌ ወጣሁበት፤ ለእናኑ ሰጥቼ፣ ደግሞ ባዶዬን፤
ከኔ ላይ እኔን ስቀንስ፣ ያኔ ነው ያገኘሁ ልጄን።
መቶ ኪሎ ተጭኖበት ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀስት፣
እሷን ስይዝ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ልቤ ይሁን ልቧ፣ አላውቅበት።
ሦስት ኪሎ፤ ምናልባት ትንሽ ከፍ።
ከመዝገቡ ጻፍሁት፣ ከበቆሎው ሥር፣ በዚያው ቀለም።

ሰኞ አቶ ልየው፣ ሒሳብ ሲያይ፣ መነጽሩን ከግንባሩ ሰቅሎ፣
«ይቺ ሦስት ኪሎ የማን ናት?» አለኝ፤ «መቼ ነው የምትጫን?» ብሎ።
«የኔ ናት» አልሁት።
«ወረፋ ላይ ናት።»