ሁለተኛው ዓይን

ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ ዝናብ አዘዞን ሲመታ፣
የቆርቆሮው ጩኸት ሲነጥቀን ጸጥታ፣
መምህር እንየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ከሰል አከፋፈለን ከኪሱ ፈልጎ።
«ያናደዳችሁን ሰው ሣሉልኝ» አለና
መስኮቱን ዘጋልን፣ ውሃ ገብቷልና።
ወረቀቱም ያው ነው፣ የአምና ሒሳብ ፈተና፤
ፊቱ ቀይ እስክሪብቶ፣ ጀርባው ንጹሕ ገና።

እኔ አላመነታሁም፤ አዛናውን ሣልሁት፣
ከትናንት ወዲያ ነው በቡጢ የመታሁት።
ነገሩ ኳስ ነበር፤ ኳስ ብቻም አይደለ፤
አባቴ ለሰሊጥ መተማ ወርዶ እንዳለ
ሁለት ዓመት ሞላው። አዛናው አወቀ፣
በጨዋታ መሃል «አባትህስ?» ብሎ ሳቀ።

አጎቴ ሠዓሊ ነው፣ ከመቅደስ ግድግዳ ይውላል፣
ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ይሥላል፤
ክፉው ግን በጎኑ፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል፤
ለሰይጣን ሁለት ዓይን ማን ቀለም ያባክናል?
እኔም ለአዛናው አንድ ዓይን ሰጠሁት፣
ጥርሱን አሹዬ በጎኑ አቆምሁት።

መምህሩ መጣ። አየ። ጥሩ ነው አላለም፣
ስለ ጠባችንም አንዳች አልጠየቀም።
«ያኛውስ ዓይኑ?» አለኝ።
                    «የለውም» አልሁት።
«ሂድና ቁጠረው።»
                    ወንበር ሳብሁና ሄድሁ፣ ከፊት ለፊት።

ያኛው ዓይን አብጧል። ጫፉ ቢጫ ወጥቷል፣
መሃሉ ጠቁሮ ሽፋሽፍቱ ተጣብቋል።
የእጄ ሥራ ነበር፤ ከዚህ ሥዕል በፊት
ያለ ከሰል የሣልሁት፣ ያለ ወረቀት።

አንገቴን ልደፋ ስል «አትነቃነቅ» አለኝ፤
እሱም ለካ ከሰል ይዞ እኔን እየሣለኝ!
አጮልቄ አየሁት፣ ወረቀቱ ላይ እኔን፦
ቀንድ ያወጣሁ ፍጡር፣ ባለ አንድ ዓይን።
ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ አሁን አላስታውስም፤
ሁለተኛውን ስንጨምር ግን ማናችንም አልሳቅንም።

ጓደኛ አልሆንም፣ እውነቱን ልናገር፤
ኳስ ሜዳ ስንወርድም በየፊናችን ነበር።
አንድ ቀን ብቻ፣ የቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ፣
«ይደውላል?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፦ አይ።
ዝም አለ። ዝምታው ከዚያ ሳቅ ይለያል።
ጀሪካኔ እስኪሞላ ከጎኔ ቆሟል።

ሒሳብ ያኔም ከብዶኝ ነበር፣ ዛሬም ይከብደኛል፤
እስከ ሁለት መቁጠር ግን ያ ክፍል አስተምሮኛል።