ሌላ ካለ ይገለጽ

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው፣ ሰማያዊ መስመር፣
በብዕር የሚሞላ፣ የሚነበብ በቁጥር።
ስም? ቺዙሩ። ዕድሜ? አርባ አንድ ሞላኝ።
የተጎዳው አካል? ወገብ። መቼ? በየካቲት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አመመኝ።
የሥራ ቦታ? ሳካታ፣ የአረጋውያን ቤት፣
አሥራ ዘጠኝ አልጋ፣ ተረኛ ሁለት ሴት።

ቆሜ ነው የምጽፈው፣ መቀመጥ ያመኛል፤
ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሳስደግፈው ደግሞ ቀለሙ እምቢ ይላል፤
ሁለት ቃል ጽፌ እስክሪብቶውን ቁልቁል አራግፋለሁ፣
እንደገና ሁለት ቃል እጀምራለሁ።

አራተኛው ጥያቄ፦ "የተነሣው ጭነት?"
አራት ባዶ ሳጥን፣ ምልክት የሚደረግበት፦
ጆንያ። ካርቶን። በርሜል።
"ሌላ ካለ ይገለጽ"፤ እዚያች ላይ እጄ ቆሟል።
ቦታዋ ጠባብ ናት፣ የሁለት ጣት ስፋት፤
ሂሳዬን ከነዘመኗ እንዴት አርጌ ልክተታት?

ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ፣
ካልሲዋም ተጨምሮ፣ ፎጣዋም ታክሎ።
በልጅነት ጊዜዋ፣ ወንዝ ዳር ካለው መጋዘን
ሩዝ ተሸክማ ኖራለች፣ ስድሳ ኪሎ ሲመዘን፤
ሁለቱን ባንድ ጊዜ፣ በጠባብ ሳንቃ ላይ፣ እስከ ጀልባው ሆድ ድረስ፣
ያውም በበረዶ፣ ያውም ውርጭ ሲነፍስ።

ሳጥባት ታወጋኛለች፦ "ሩዝ እኮ ጨዋ ነው፤
አንዴ ትከሻ ላይ ካረፈ፣ እንቅልፋም ነው፣ ዝም ነው፤
አይደነግጥም፣ አያፍርም፣ አንገት አይዝም እንደ ሰው።"
እስቃለሁ። ትስቃለች። የጀርባዋ ጉብታ
በሳሙና ውኃ ያብለጨልጫል፤ የሩዝ የድሮ ቦታ።

ያን ሌሊት ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በረዶ ሲያስገባ በመስኮት ቀዳዳ፣
ደወሏ ጮኸ። ካኤዴ ሌላኛው ጫፍ ናት፣ ሌላ ሰው ልትረዳ።
ማንሻ ማሽን አለን። አልዋሽም። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል ባትሪው ሲሞላ፣
አንገቱን የደፋ፣ ዓሣ ያጣ ሽመላ።
እሱን ማምጣት፣ ማሰሪያ ማልበስ፣ መንጠቆ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።
ሂሳዬ አንሶላው እንዳይረጥብ ጥርሷን ነክሳ ይዛለች፣ በእፍረት ታንቃ።

ግድግዳችን ላይ የተለጠፈ ሥዕል አለ፤
ጉልበቱን አጥፎ ካርቶን ወደ ደረቱ ያስጠጋ ሰውዬ፣ ፈገግ እንዳለ።
እሱ እንዳደረገው አደረግኩ። ጉልበት አጠፍ፤ ጠጋ፤ ወደ ደረቴ፤
ቀለል ብላ ተነሣች፤ ግማሽ መንገድ ላይ እግሯ ሸሸ፤ ጣቶቿ ባንገቴ።

መመሪያው ይሄን ያውቃል። "ጭነቱ ካመለጠ፣
ወደ ኋላ ሽሹ፣ ይውደቅ።" ጆንያ ቢሆን ኖሮ፣ ቢበዛ በፈረጠ።
የሥዕሉ ካርቶን እጀታ አለው፤ የኔዋ ግን ያላት ስም ነው።
ዞርኩ። ወገቤ ብቻውን ዞረ። ጧ አላለም፣ እንደሚወራው፤
ጥርስ ክር ሲበጥስ የሚሰማው ያህል ነው።
ቀስ ብለን ወረድን፣ እኔ ከታች፣ እሷ በላዬ፣
ጣሪያው ላይ መብራቱ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ፣ "ሂሳዬ? ሂሳዬ?"

አልተጎዳችም። ሽንቷ ግን አመለጠ፤ ሙቀቱ ለሁለታችን ደረሰ።
ጆሮዬ ሥር ጠየቀች፣ ድምፅዋ ያነሰ፦
"ስንት ነኝ?" "ሠላሳ ስምንት" አልኳት። ዝም። ነፋሱ ብቻ።
"በዚያ ሁሉ ዘመን" አለች "አንድ ጆንያ አልጣልኩም። ዛሬ ሰው ሰበርኩ፣ በአጥንቴ ብቻ።"

ከጽሕፈት ቤት አቶ ኦሪታካ ደወሉ፤ ትሑት ናቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ፤
"ኪሎው አነሰብኝ" ይሉኛል፣ "ምናልባት ከፊቱ የተረሳ
ቁጥር ይኖር ይሆን?"
የተረሳስ ነበር፤ ቁጥር ግን አይሆን።

ካኤዴ ትናንት መጣች፣ መንደሪን በከረጢት ይዛልኝ፤
ሂሳዬ ደወሏን ትራስ ሥር ቀብራ፣ ከእንግዲህ አትደውልም አለችኝ።
ማሽኑን ገፍተው ሲመጡ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ዝም፤
እንደ ሩዝ ትሆናለች፤ አትደነግጥም፣ አንገት አትይዝም።

ምልክት አደረግኩ በመጨረሻዋ ሳጥን ዳር፣
በዚያች ሁለት ጣት ስፍራ ጻፍኩ፦ "ጭነቱ ፈርታ ነበር።"
"ነበር" ላይ ቀለሙ ነጠፈ። ላራግፈው ጎንበስ ስል ወገቤን ያዝኩ፤
እስኪወርድ ጠበቅኩ።