ሙሉ ነው

ከካልጋሪ ወጣን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በጨለማ፤
እትዬ ዘርፌ ከኋላ፣ እግራቸው አብጦ፣ ያለ ጫማ።
ዓመቱን በታክሲ የሰው ሻንጣ ሲጭን የከረመ
አስናቀ ዛሬም መሪ ይዞ፣ «ዕረፍት ነው» እያለ አዘገመ።

ባንፍ ስንደርስ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ ከተማው ቀድሞን ነቅቷል፣
የመኪናው ሰልፍ ከድልድዩ ወዲህ እንደ ዘንዶ ተኝቷል።
በየማቆሚያው በር ላይ ቀይ መብራት «ሙሉ ነው» ይላል፤
እሱን አልፈን ብንታጠፍ፣ ሌላው ያንኑ ይደግማል።

ዞርን።
በቸኮሌቱ ሱቅ፣ በኮፍያው ሱቅ፣ በእንጨቱ ድብ በኩል ዞርን፤
አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሰላም አልን።
ኢዮስያስ ከኋላ ይቆጥራል፦ «አባ፣ አምስተኛ ዙራችን!»
«ዝም በል! ሰውየው ቁልፍ አወጣ፤ መጣ ተራችን።»
ሰውየው ከመኪናው ሙዝ አውጥቶ፣ ቆልፎ ተመለሰ።
አስናቀ ምንም አላለ። መሪውን በመዳፉ ዳበሰ።

ያን ጊዜ ሊዲና፣ በአሥራ አራት ዓመቷ የእኛ ነገር የሚያሳፍራት፣
በመንገድ ስሟን ስንጠራ ምድር የምትጠብባት፣
በሩን ከፍታ ወረደች። ባዶ ቦታ አየች፤ ማን ይያዛት!
ሁለት እጇን ዘርግታ መስመሮቹ መሐል ቆመች፣
እንደ ግብ ጠባቂ ጎንበስ ብላ፣ ጥርሷን ነከሰች።
ትልቅ ነጭ መኪና መጣ፤ ጥሩንባውን ነፋባት፤
ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እግሯ ግን አልከዳት።
አስናቀ ዞሮ ደረሰ፣ በአንድ ጊዜ ወደኋላ ገባ፤
ሞተሩ ሲጠፋ፣ መኪናው ውስጥ፣ የሠርግ ቤት ጭብጨባ።

ሥፍራው ለዘጠና ደቂቃ ነው፤ ይህን ያወቅነው ቆይተን።
ይሁን። እሱስ መች አነሰን፣ ሰዓት ሙሉ ዞረን ላገኘን!

ደግሞ ሌላ ሰልፍ። የከተማው ስም በግዙፍ ፊደል ተጽፎ፣
ለፎቶ ሕዝቡ ይጠብቃል፣ እንደ ቀበሌ ዘይት ተሰልፎ።
ተራራው ከበስተኋላ፣ ያለ ሰልፍ፣ ያለ ክፍያ፣
ጀርባ እንደ ሰጡት ሽማግሌ ቁጭ ብሏል እዚያ።
እትዬ ዘርፌ አልተሰለፉም፤ ሣሩ ላይ አረፍ አሉ፣
የተቀቀለ እንቁላል ልጠው፣ ጨው በጣታቸው እየጣሉ፣
ሽቅብ አዩትና፦ «ይሄ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት፣ አያፍርም?» አሉ።
ሊዲና ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት፤
ቆጥሬያለሁ፤ እናት ምን ሥራ አላት።

ከፊታችን ሁለት ቤተሰብ ሲቀር፣ ሰዓቱን አየ አስናቀ፤
ፎቶ የለም፣ ፊደል የለም፤ ሮጥን፤ ደቂቃው አለቀ።

መኪናው ጋ ስንደርስ አንዱ ቆሟል፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣
ከኋላው ሦስት ልጅ፣ አንዷ ታለቅሳለች፤ ፊቱ በድካም ጠውልጎ፣
«ልትወጡ ነው?» ይላል በዓይኑ፤ ቃል ከአፉ አልወጣም።
አስናቀ ወጥቶ መንገዱን ዘጋለት፤ የኋላው ቢነፋም፣ ቢነፋም፣
ሰውየው ገብቶ ሳያቆም አልተነቃነቀም።

ሐይቁንማ አላየንም። አረንጓዴ ነው ይላሉ፤
የአውቶቡስ ትኬት ከሳምንት በፊት የቆረጡ ሄደው ያያሉ።
በመመለሻው ዝናብ ጣለ፤ እትዬ ዘርፌ አንኮራፉ፤
ተራሮቹ፣ ሰው ሳይቆጥራቸው፣ በግራ በቀኝ አለፉ።

የቀረን አንድ ፎቶ ነው፤ ኢዮስያስ በመስኮት ያነሳው፦
የእንጨቱ ድብ ግማሽ ጆሮ፣ ቀዩ «ሙሉ ነው»፣ የአባቱ ክንድ፣
አፌን ከፍቼ እኔ በመስታወቱ፣ ጥርሴ ሁሉ፣ አንድ በአንድ።
ማንን ስቆጣ እንደ ነበር እንጃ፤ ልቤ ረሳው።