ከሦስተኛው መደርደሪያ

ሞጣ ዝናብ ሲጥል፣ ቆርቆሮው ሲያገሳ፣
የመምህሩ ድምፅ ሰጥሞ፣ ጠመኔው ሲረሳ፣
ወደ እኔ ብቅ በሉ፤ ቁልፉ አለ ከኪሴ፤
ጠባቂ እኔ፣ ጠራጊ እኔ፣ ጠጋኝም ራሴ።
ከንብረት ክፍል ጀርባ አንዲት ጠባብ ቤት አለች፣
ክረምት ታነባለች፣ በጋ ታስነብባለች።

ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከመስኮቱ ግራ፣
ምስጥ የቀመሰው መጽሐፍ አለ፣ ጀርባው በክር የተሠራ።
ስሙ «የጉም ግብር» ነው። ርዕሱን ያዩ ሁሉ
የቀረጥ ደንብ መስሏቸው ጥለውት ይሄዳሉ።
ርእሰ መምህራችን ንብረት ሲያስቆጥር፣
ከደረሰኝ ጥራዝ ጋር አስሮት ነበር።
እኔ ነኝ የፈታሁት። ፈትቼም ቆሜ አነበብኩት፤
ደወሉ ሁለቴ ሲደወል አንዱንም አልሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አገር አለ፣
ጮቄን የሚመስል፣ ግን ጮቄ ያልተባለ፤
ንጉሡ ጉም ነው። ንጋት ላይ ይወርዳል፣
ከየደጁ ቆሞ ግብሩን ይቀበላል።
ብር አይጠይቅም፣ ጤፍ አይሰፈርለት፤
ቃል ነው የሚበላው፣ ትኩሱን ከአንደበት።
«ጎተራ» ያለ ሰው ቃሉን ይቀማል፣
ነገ ዳር ዳሩን ዞሮ «ያ... እህል ያለበት» ይላል።
እናት ልጇን ልትጠራ ከደጅ ትወጣለች፣
አፏን ከፍታ ቆማ ስሙን ታጣዋለች።

አንጓች ትባላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ፤
ወፍጮ ቤት ትውላለች፣ ዱቄት ነው ሽበቷ።
ምላሷ ይያዛል፤ ቃል ይረዝምባታል፤
«ው... ው... ውሃ» እስክትል ገንቦው ይሞላል።
የሰፈር ልጆች ቃሏን ቀድመው ይጨርሱላታል፣
ደግነት መስሏቸው፤ እሷን ያንገበግባታል።
ታዲያ አንድ ማለዳ ጉሙ ደጇ ቆሞ፣
ያንን ረጅም ቃል ሊውጥ አፉን ከፍቶ ቀድሞ...

ከዚህ ወዲያ ያለውን ብትለምኑኝ አልተርክም፤
ይህችን ብቻ ልበል፦ ግማሽ ቃል አጥንት ነው፣ በጉሮሮ አያልፍም።

ጉድለት የለውም አልል። አንዲት በቅሎ አለች፣
ስለ ፈረስ አጎቷ አሥር ገጽ ታወራለች፤
ብትዘሏት አልቀየም። ይበልጣል ግን ዘለለና፣
በመጨረሻው ምዕራፍ ጠፋው ጎዳና።
ገጽ ሰማንያ ሰባት የለችም፣ ተቀድዳለች፤
ጥሩአይነት የስድስት «ለ» በእርሳስ ጽፋታለች።
በእሷ ጉሙ ጉንፋን ይዞት ያስነጥሳል፤
ደራሲው ቢያየው እንጃ፣ እኔን ግን ያስቀኛል።

ዳመነ፣ ያ ረጅሙ፣ ከኳስ ሌላ የማያይ፣
«የሕፃን ተረት!» ብሎ ወረወረው ጠረጴዛ ላይ።
ዓርብ ግን ሰርቆት ሄደ። ሰኞ ዓይኑ ቀልቷል፤
«ጭስ ነው» አለኝ። ይሁን። ጭስም ያስለቅሳል።

ካነበባችሁት ወዲያ ማለዳ ሌላ ነው፤
ጉም ከጮቄ ወርዶ አስፋልቱን ሲያለብሰው፣
ባጃጅ መብራት አብርቶ እንደ ጥንዚዛ ሲያዘግም፣
ደብተር ደረት ላይ ይዛችሁ አፋችሁ አይከፈትም።
ቃልን እንደ ምሳ ዕቃ ሸፍናችሁ ትይዛላችሁ፣
ለማን እንደምትሰጡት ቆማችሁ ታስባላችሁ።

አንተ ግን፣ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ የምትቀመጠው፣
መልሱን በልብህ ይዘህ ከምራቅህ ጋር የምትውጠው፣
ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላንተ ነው፣ ሌላው ይስማ፤
መጽሐፍ ቃል አይነጥቅም፣ አይስቅብህምማ።

ሁለት ሳምንት ነው ቀኑ። ቅጣት አላስከፍልም።
እጅ ታጥቦ መያዝ ነው፤ የገጽ ጥግ አይታጠፍም።
ካርዱ ላይ ስም ጻፉ። «ለምን ወደድከው?» ብትሉኝ፣
እነግራችኋለሁ፣ ቆማችሁ ከጠበቃችሁኝ።
ዝናቡ ሊያባራ ነው፤ ደወሉን ቅደሙት፤
ወረቀቱ እዚህ ያልቃል፤ ቀሪውን በአፌ ስሙት፦
በሉ እንግዲህ፣ ልጆች... ው... ው... ውሰዱት።