የዘምዘም ጠጠር

ስሜ ዘምዘም ነው። አባቴ ነው ያወጣው፣
ምንጭ ትሁን ብሎ፣ ጥም የማይነካው።
እኔ ግን ሂርማታ ገበያ፣
ከቃሪያና ከዝንጅብል ማዳበሪያ፣
አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ
ውሃን እንደ ዕዳ ፈራሁ፣ ከንፈሬን መጥጬ።

ምክንያቱ አያኮራም፣ ግን ልንገራችሁ፦
ለሁላችን አንድ ሽንት ቤት አለ፣ በሩን ካያችሁ
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰማይ፤
ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ነው፤ ዘበኛው ሻይ ላይ።
ሸምሲያ መላውን ነገረችኝ ጥንት፦
«ያልገባ አይወጣም። ጉሮሮሽን ግቺው፣ ይቀራል ሽንት።»

ጅማ ላይ ዝናብ ሳይጠሩት ይመጣል፤
ከላስቲካችን ገብቶ እንደ ነፍሰ ጡር ያብጣል፤
በዱላ ገፍተን ስንደፋው መንገዱ ይጎርፋል፣
አዌቱ ከድልድዩ ሥር እያጉረመረመ ያልፋል።
ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጎርፍ፤ መሐል ላይ ዘምዘም፣
ከንፈሯ የበጋ ማሳ፣ ጠብታ አትቀምስም።

መጀመሪያ ማቃጠል ነበር፣ እንደ ቃሪያ ዘር።
የሰባት ቀን ክኒን ገዛሁ በብድር፤
በሁለተኛው ቀን ሲሻለኝ ቀሪውን ቋጠርኩት በመቀነት፣
ሁለቱን ለሸምሲያ ሰጠሁ፣ ሦስቱን ለጎረቤት።
ቸርነት መሰለኝ።

ወር አልሞላም። አንድ ማክሰኞ ዝንጅብል ሚዛን ላይ ሳነሣ
ጎኔን ሰው በቢላ ወጋኝ ብዬ ዞርኩኝ፣ ላይ የማንን አበሳ።
ማንም የለም።
ወጊውም ተወጊውም እኔ፣ በአንድ ደም።

አምስት ወልጃለሁ። ምጥ እረፍት አለው፣
ይመጣል፣ ይሄዳል፣ መጨረሻው ልጅ ነው።
ይሄ ግን ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣
ቤት እንደጠፋበት ባጃጅ ዞሮ ይመለሳል።
ደግሞ ብርድ! በሁለት ጋቢ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣
ጥርሴ እንደሚቆላ ሽምብራ ሲንጣጣ፣ ገበያው ሲያይ።

ሐኪሙ የሰቃ ልጅ ነው፣ ገና ጢም ያላወጣ፣
በቀዝቃዛ ቅባት ጎኔን ዳሰሰ፣ ስክሪኑ ላይ ዓይኑ ፈጠጠ፦
«ጠጠር መንገዱን ዘግቷል፤ ከኋላው መግል አለ፤
ነገ ብትመጪ ኖሮ...» አልቀጠለ።

ከጀርባዬ ቱቦ አስገቡ። ቀዱኝ እንደ ጉድጓድ።
አባቴ ይህን አላሰበም፦ ምንጭም ሲደፈን እንደሚቀዳ በግድ።

በኋላ ጠጠሯን በብልቃጥ ሰጡኝ፤ ሻካራ፣ የምስር ታናሽ፤
«አንቺ ነሽ?» አልኳት። «እናትሽን በሰፈር መሐል ያስጮኽሽ?»
ሚዛኔ ላይ አኖርኳት፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም፤
በገበያ ሕግ እንግዲህ ይህች ጠጠር የለችም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ እውነት ነው።
እኔን ግን ሊወስደኝ የነበረው ያልጠጣሁት ነው።

ብልቃጡን ይዤ ቀበሌ ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።
«ምንድን ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ደረሰኝ» አልኩት።
«የአሥራ አንድ ዓመት።»

ቁልፉ አሁን ሚዛኔ ሥር ነው። በሩ ገና ግማሽ ሰማይ።
ሸምሲያ ዛሬም አትጠጣም፤ ትስቃለች እኔን ስታይ።
ሃይላንዱን ከጎኗ አኖራለሁ፣
ክዳኑን ከፍቼ። ዝም እላለሁ።